እግዚኦ የማያሰኝ ሞተር

የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክሌን የመረጥኩት የሻጩ ሱቅ መስታወት ውስጥ ራሴን እያየሁ ነው። ዳባት ነበር። ሻጩ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ያገለገሉ ሞተሮችን ገዝቶ፣ አድሶ ይሸጣል። ገና ከመግባቴ «ስታይልህ ምንድን ነው?» አለኝ። የምን ስታይል ብዬ ሸሚዜን አየሁ። «የአነዳድ ስታይል ነው ያልኩህ። ሞተር በመልኩ አይመረጥም ወንድሜ፤ በነጂው አነዳድ ነው የሚመረጠው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተር የነዳሁት ደባርቅ ኳስ ሜዳ ላይ ነው፤ እሱም የጓደኛዬን፣ ጓደኛዬ ከኋላ እየሮጠ። ነገር ግን አንድ ሰው ፊትህ ቆሞ ስታይልህ ምንድን ነው ሲልህ የለኝም ማለት ይከብዳል። «ፍጥነት» አልኩት። «ፍጥነትና ዳገት።»

ረጅሙን አወጣልኝ። ቀይ ነው፤ የፊት ጭቃ መከላከያው ወደ ላይ የተሰቀለ፣ ጭስ ማውጫው የቀና። ስቀመጥበት መሬት የሚደርሰው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ግን የሰሜን ተራሮችን በሳንቃ በር አድርጎ ወደ ጨነቅ የሚገሰግስ ሰው አየሁ፤ ደባርቅ ላይ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ ሰው አላየሁም። ገዛሁት። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «መውጣቱስ ይሁን፤ ስትወርድ ማን ያወርድሃል?» አለችኝ።

«ለአባ ነው የገዛሁት» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በከፊል።

አባ አባቴ ናቸው፤ ቄስ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደባርቅ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ የሚያገለግሉት ግን ከዳባት መንገድ ወጣ ብላ ኮረብታ ላይ በተቀመጠች የገጠር ማርያም ነው። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የቀደሱት እዚያ ነው። ድሮ በበቅሎ ይሄዱ ነበር። በቅሎዋ አረጀች፤ ቀጥሎ የአባ ጉልበት እምቢ አለ። እስከ መገንጠያው በመኪና ይደረሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው ጣጣው። ቅዳሴ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል፤ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ያሏት ቄሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ አባ ናቸው። እሳቸው ካልደረሱ ቅዳሴው ይታጎላል፤ ሕዝቡም ወደየቤቱ ይበተናል።

የገዛሁት ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። በፍልሰታ ጾም የአዘቦት ቀን ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ሕፃናቱ ሁሉ ሳይቀሩ እስኪቆርቡ ድረስ ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ካህኑማ አይነሣ። በዚያ ላይ ቄስ ከመቀደሱ በፊት ዝንብ እንኳ በአፉ ገብታ ወደ ሆዱ ብትወርድ፣ የዚያን ዕለት መቅደስ አይገባም። ይህን ሥርዓት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሞተር ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ ብላ ነበር። አባን የድንጋይ አጥሩ ላይ አቁመን፣ እንደ በቅሎዋ ዘመን፣ ባለቤቴ በአንድ ጎን እኔ በሌላ ጎን ይዘን ጫንናቸው። ነጭ ጥምጥማቸው እንደተጠመጠመ ነው፤ ቀኝ እጃቸው መስቀል ይዟል፤ ግራ እጃቸው ቀበቶዬን ይዟል፤ ጥላቸው በመካከላችን ተጋድሟል። «በል በእናቴ በማርያም፣ ቀስ እያልክ» አሉኝ። እኔ ግን ስታይል አለኝ።

አባ ሲደነግጡ የሚሉት አንድ ቃል ነው፤ እግዚኦ! በአስፓልቱ ላይ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ከኋላዬ እግዚኦ! ጉድጓድ ስዘል እግዚኦ! መኪና ስቀድም፣ ረጅም እግዚኦ! እኔ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ፤ ሞተሩን ያደነቁ መሰለኝ። ወደ ኮረኮንቹ ከታጠፍን በኋላ ውኃ ሊጠጡ የሚወርዱ ከብቶች መንገዱን ሞልተው አገኘናቸው፤ ከብት ባለበት ደግሞ ዝንቡ አይጠየቅም። በጎን በኩል ክፍተት አየሁና ሞተሩን አስጮህኩት። የፊት ጎማው ከመሬት ትንሽ ተነሣ። ከኋላዬ «እግዚ—» የሚል ተጀመረና «ኦ»ዋ ላይ ሲደርስ እንደ ሳል ያለ ነገር ሆኖ ቀረ።

ትከሻዬን መቱኝ። «ቁም።»

«ምን ሆኑ አባ?»

«ገባች።»

«ማን ገባች?»

«ዝንብ።»

«ይትፏታ!»

«ወርዳለች» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «ማን አየ?» አልኳቸው። ጥምጥማቸውን አስተካከሉና አገጫቸውን ወደ ኮረብታው፣ ወደ ጉልላቱ አቀኑልኝ። ከዚያ በላይ መልስ አላስፈለገኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ነጭ አልብሰው ተሰልፈዋል። አባ ወረዱና ለባልንጀራቸው ቄስ በሁሉ ፊት «ዝንብ ውጫለሁ» አሉ። ውዳሴ ማርያም ተደግሞ፣ ጸሎት ተደርጎ ሰው ተበተነ። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና እየጮኸች ስታልፈን አባ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ወደ ደባርቅ ስንመለስ አንድ እግዚኦ አልሰማሁም።

ቅዳሜ ሁለት የደብሩ ሽማግሌዎች ቤታችን ድረስ መጡ። በዚያ አገር ሽማግሌ ወደ ነገሩ የሚገባው ዙሪያውን ሁሉ ከዞረ በኋላ ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ በሬው ሁሉ ተወራ። በመጨረሻ አንደኛው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «አባታችን፣ ዕድሜ ልክዎን አገልግለውናል። እንግዲህ ቢያርፉስ? አንድ ጉልበት ያለው ወጣት ቄስ እንዳለ ሰምተናል» አለ።

  አባ «እስከ ፍልሰታ ፍቺ ታገሡኝ» አሉ። «በእኔ ምክንያት ሌላ ቅዳሴ ከታጎለ፣ እናንተ ሳትሉኝ አርፋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እዚያው መደብ ላይ እንደተቀመጡ «ልጄ፣ ከማርያም ደጅ ከቀረሁ ጠዋት ተነሥቼ ምን ልሠራ ነው?» አሉኝ።  የሆነ ነገር ልላቸው ፈለግሁ፤ የወጣኝ ግን «ሞተሩን እኮ አልለመዱትም» የሚል ነበር።

መፍትሔ ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ አሁንም ቢሆን ብልህ ሐሳብ ነበር እላለሁ፣ ቃሉን መቀየር ነው። ከእግዚኦ ላይ ጥፋተኛዋ የመጨረሻዋ «ኦ» ናት፤ አፍን እንደ ጎተራ በር ትከፍታለች። «በስመ አብ» ግን «ብ» ላይ ስለሚያልቅ ከንፈር ይዘጋል። «አባ፣ ሲደነግጡ በስመ አብ ይበሉ፤ እሱም ጸሎት ነው» አልኳቸው። ግቢያችን ውስጥ ሞክረን ነበር። በር ጥግ ተደብቄ ቆየሁና ስወጣባቸው «እግዚኦ!» አሉና ዱላቸውን አነሡብኝ። «ቃል እየመረጥኩ ነው እንዴ የምደነግጠው?»

ቀጥሎ ባለቤቴ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ከሳጥን አወጣች። ሠራ፤ አንዲት ዝንብ አልገባችም፤ አባም ገብተው ቀደሱ። ነገር ግን አባን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ ካገኛቸው መስቀል ሳይሳለም አያልፍም፤ የዚያን ዕለት በግ የምትነዳ ሴት «አባ፣ ይባርኩኝ» ልትል ቀርባ ቀርባ፣ ማስኩን ስታይ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ከሩቅ ጎንበስ ብላ አለፈች። በሁለተኛው ቀን ሱቄ ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰው «አባትህን እግዜር ይማራቸው፤ ሳንባቸው ነው አሉ» አለኝ። ከንዴቴ የተነሣ ሚስማሩን ሳልቆጥር ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሽማግሌዎቹም በጣም ማዘናቸውን፣ ወጣቱ ቄስ ለመምጣት ፈቃደኛ መሆኑን ላኩብን።

ቀጥሎ ሄልሜት ተዋስኩ፤ ባለ መስታወት። ጥምጥሙ አልገባ ስላለ አባ በቆብ ብቻ ሆነው፣ እያጉረመረሙ፣ ራሳቸውን አስገቡት። የዚያን ዕለት ከመገንጠያው እስከ ደጀ ሰላሙ ማንም አልቀረበንም። ጥቁር ካባና ትልቅ ክብ ራስ ያየ ገበሬ ሁሉ መንገድ ይለቅልናል። አንድ ሰው ብቻ እጁን ዘርግቶ አስቆመን፤ አባ መስቀላቸውን ሊያቀርቡ ሲሉ «መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አላቸው።

አባ ከመስታወቱ ውስጥ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉት።

«ባለፈውም እንዲሁ ነው ያላችሁን!» ብሎ፣ የመብራት ኃይል ሰዎች መስለነው፣ ተቆጥቶ ሄደ።

ቅዳሴው አልታጎለም። አባ ግን ቤት ሲደርሱ ሄልሜቱን እግሬ ሥር አስቀመጡት። «ሰው ሳልባርክ እንደ ሌባ ተሸፍኜ የምደርስበት ቅዳሴ ይቅርብኝ። እንዲህ ከሆነስ ያ ወጣት ቄስ ይምጣ» አሉ፤ ወደ ክፍላቸውም ገቡ።

ተናደድኩ። በዝንቧም፣ በሽማግሌዎቹም፣ መብራት በጠየቀውም ሰው። ባለቤቴ ክክ እየለቀመች ስሰድብ ሰማችኝና «ዝንቧን ተዋት» አለች። «አባን እግዚኦ የሚያሰኛቸው ማን ነው?»

«ሞተሩ ነዋ።»

«ሞተሩን የሚነዳውስ?»

ወጥቼ ሄድኩ። እስከ ሰሜን ተራሮች ፓርክ መሥሪያ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ማንም እንዳያየኝ በእግሬ ነው የሄድኩት። ስመለስ ክኩን ጨርሳ ነበር። በነጋታው ማለዳ፣ «አንዴ ብቻ ይሞክሩልኝ» ብዬ ለምኜ፣ አባን በመኪና ይዤ፣ ረጅሙን ሞተር በጓደኛዬ አስነድቼ፣ ዳባት ሻጩ ዘንድ ሄድኩ።

«ስታይልህ ተቀየረ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«ስታይሌ እሳቸው ናቸው» አልኩና አባን አሳየሁት። ሲያያቸው ሳቁን ዋጠና መስቀል ተሳለመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጀመረ፤ ይኼኛው ፓወር አለው፣ ያኛው ለኦፍ ሮድ ነው፣ ይኼ ቶፕ ስፒዱ አይጣል ነው። አባ በትዕግሥት ሰሙትና «ልጄ፣ ሲያቆሟት ትቆማለች?» አሉት።

«ትቆማለች አባታችን።»

«ዳገት ላይስ? ሰው መስቀል እስኪሳለም ሳትወላገድ ትጠብቃለች?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል።

ሙከራ ጀመርን። እኔ እነዳለሁ፤ አባ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ደርሰን እንመለሳለን። ሲወርዱ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ጥቁሩ ላይ «ይቺ ሙሉ እግዚኦ ናት» አሉ። ሰማያዊው «እግዚ» ድረስ ወሰዳቸው። አንዱ ሲነሣ ስለሚያስፈነጥር ገና ከመነሣታችን «እ—» ብለው ቀበቶዬን ሊበጥሱት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ደኅና ነው፣ «ግማሽ ነው» አሉ። ሻጩ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ በኋላ ራሱ ገባበት። «አባታችን፣ እንግዲያውስ ከ«እግ» የማያልፍ አለኝ» ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

ያወጣው ሞተር ለሽያጭ የተቀመጠ አልነበረም፤ ራሱ ጀሪካን የሚያመላልስበት ነው። ዝቅ ያለ፣ ሰፊ መቀመጫ ያለው፣ ከኋላው የዕቃ ብረት የተበየደለት፣ ቀለሙ ድሮ ምን እንደነበረ የማይታወቅ። ሁለት እግሮቼ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ አረፉ። ሲነሣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ይላል፤ በመካከሉ የረሳ ይመስልና እንደገና ያስታውሳል። መታጠፊያው ድረስ ሄደን ተመለስን። አባ ከኋላዬ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሰጋር ናት» አሉ። ሰጋር የሚባለው የተቀመጠበትን ሰው ሳያነቃንቅ የሚሄድ በቅሎ ነው፤ ስለ ድሮዋ በቅሏቸው ካልሆነ ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

መስታወቱን አየሁ። ውስጡ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ተቀምጧል። ፊቴን አዞርኩና ቀዩን ሞተር አስረክቤ ተለዋወጥን።

የጾሙ የመጨረሻ ቀን በዚያ ሞተር ወጣን። ጭጋጉ ተነሥቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ዝንብ የሚወደው ዓይነት ፀሐይ። አባ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ዛሬ ከታጎለ ነገ ይህን መንገድ አይሄዱም። ስለዚህ በሕይወቴ ነድቼ በማላውቀው አነዳድ ነዳሁ። ጭነት የያዘ አህያ ቀደመን። የአህያው ባለቤት አባን ተሳልሞ ካለፈ በኋላ ዳገቱ ላይ አህያው ሲደክም ደረስንበት፤ እንደገና ተሳለመ። ሰው በመጣ ቁጥር እቆማለሁ፤ አባ መስቀላቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ግንባር፣ ከንፈር፣ «ይፍታሽ»፣ «ይፍታህ»፤ ከዚያ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ለካ የእኔ አነዳድ መቆም ነው።

ከመገንጠያው አልፎ ሁለቱን ሽማግሌዎች አገኘናቸው። ከእኛ ጋር እኩል በእግራቸው እየሄዱ፣ ሳያለከልኩ፣ ወሬ ጀመሩ። «ሳንባዎስ እንዴት ነው አባታችን?» አባ አፋቸውን ሳይከፍቱ «እምም» አሉ። «ወጣቱ ቄስ መልካም ሰው ነው አሉ።» «እምም።» ክላክስ ላደርግባቸው አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ አባ ይደነግጣሉ ብዬ መለስኩት። ከብቶቹ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ፣ የመጨረሻዋ ጥጃ እስክታልፍ ድረስ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹም አብረው ቆመው ጠበቁ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ፣ ደጀ ሰላሙ እየታየን፣ የኋላ ጎማው እርጥብ ድንጋይ ላይ አረፈና ሸርተት አለ። ሞተሩ ወደ ገደሉ በኩል ዘነበለ። ከኋላዬ «እግ—» የሚል ሰማሁ። በሁለት እግሬ ጭቃው ላይ ተቸነከርኩ። ቆመ። ከጀርባዬ ድምፅ የለም።

«አባ?»

ዝም።

«አባ! ገባች?»

መልስ የለም። መዞር ፈራሁ። ሽማግሌዎቹም ቆመው አንዴ እኔን አንዴ አባን ያያሉ። ቀሪውን ዳገት እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። አባ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ካባቸውን አራገፉ፤ ወደ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ዞሩና ፈገግ አሉልኝ።

«ዚዋ ላይ ያዝኳት» አሉኝ።

ገብተው ቀደሱ። እኔ ግቢው ውስጥ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጠገቤ ነበር። የአባን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የለመዱትን ነገር ማንም ልብ አይለውም። የዚያን ዕለት ግን «እግዚኦ ተሠሃለነ» የሚባልበት ሲደርስ አባ አወጡት። መንገድ ላይ የዋጡትን ሁሉ፣ «እ»ውንም «እግ»ንም፣ አንድ ላይ አወጡት፤ «ኦ»ዋ ሙሉ ሆና፣ ከመቅደሱ ወጥታ፣ በጽዱ ውስጥ አልፋ፣ ኮረብታውን ወረደች። ነጭ የለበሱት ሕፃናት እንኳ ጸጥ አሉ። ዐይኔ እንባ ሞላ፤ አላፈርኩበትም።

ሽማግሌው ለራሱ እንደሚናገር አድርጎ «ይኼንን ድምፅ ነው ይረፍ ያልነው?» አለ።

ሕዝቡ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ብሎ ተቀበለ። እኔም ያለኝን አየር ሁሉ ሰብስቤ፣ አፌን እስከ ጆሮዬ ከፍቼ፣ «እግዚ—»

ሳል የመሰለ ነገር ሆኖ ቀረ።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ቆርበው አቁርበው፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው፣ ወደ ሞተሯ መጡ። «ምነው፣ ስታለቅስ ነበር እንዴ? ዐይንህ ቀልቷል» አሉኝ።

«ገባች» አልኳቸው።

«ማን ገባች?»

አልመለስኩላቸውም። ሲገባቸው ነጠላውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሞተሯ ላይ ጭኛቸው፣ ሽማግሌዎቹን ተሰናብተን፣ አስፓልቱ እስክንደርስ ድረስ ሲስቁ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር።